የጊደር መኖና የነገው ወተት፦ ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ አንጻር የተደረገ ዳሰሳ

የላም ወተት የሚወሰነው ከወለደች በኋላ በሚቀርብላት መኖ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ በብዙ አርቢ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ ከሰባ ዓመት ወዲህ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ላሟ ገና ጥጃና ጊደር ሳለች ያገኘችው ወይም ያጣችው መኖ ለኮርማ የምትደርስበትን ዕድሜ፣ የመጀመሪያ ወሊዷን ደኅንነት፣ የግቷን ዕድገትና በኋላ የምትሰጠውን ወተት ጭምር አስቀድሞ ይወስናል። ጊደር የሚባለው ጡት ከጣለችበት ጊዜ አንሥቶ የመጀመሪያ ጥጃዋን እስክትወልድ ድረስ ያለችው ሴት ከብት ስትሆን፣ በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ግን ጥያቄው ከልደት ስለሚጀምር የጥጃነቷም ዘመን አብሮ ይታያል። በውጭ አገር ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፈው አብዛኛው የሚያሳስበው ከመጠን በላይ የበላችው ጊደር ጉዳይ ነው፤ በሰሜን ወሎ፣ በተለይም በወልድያ ዙሪያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ አርቢዎች ዘንድ የሚታየው ችግር ግን የዚህ ተቃራኒ በመሆኑ፣ የውጭው ጥናት እንዳለ ሳይገለበጥ ከአካባቢው ሁኔታ ጋር እየተገናዘበ ሊነበብ ይገባዋል።

ሀብሩ ከወልድያ በስተደቡብ የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው መርሳ ነው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በዚሁ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። አካባቢው በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ ቢሆንም የበልጉ ዝናብ እምነት የማይጣልበት ስለሆነ፣ ከብቱ ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በአብዛኛው የሚኖረው በማሽላ አገዳ፣ በጤፍ ጭድና በተጋጠ ግጦሽ ላይ ነው። የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ሥጋ አይገነቡም፤ በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን፣ ማለትም አካልን የሚገነባው ንጥረ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት እጅ ብቻ ሲሆን፣ በከብት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ እየኖሩ ሻካራውን መኖ የሚፈጩት ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን በአግባቡ ለመሥራት በትንሹ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ይሻሉ። ከዚያ በታች ሲሆን መኖው በጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ ከብቷ ረሃብ ሳይለቃት መብላት ታቆማለች፤ በግንቦት ወር ሆዷ ተነፍቶ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ጊደር በየደጁ የምትታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቤተሰቡ ውስጥ ያለው የመኖ ቅደም ተከተልም ጉዳቱን ያብሰዋል። የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ከመኖው ሁሉ የተሻለው ለበሬው ይቀርባል፣ ቀጥሎ የምትታለበው ላም ትታሰባለች፤ ጊደሯ ዛሬ አታርስም፣ ዛሬ አትታለብም፣ ስለዚህ የተረፈውን ትበላለች። ይህ ልማድ ከድንቁርና የመጣ ሳይሆን በእጥረት ውስጥ የሚደረግ ምክንያታዊ ምርጫ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ ሆኖም ዋጋው የሚከፈለው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በመሆኑ በዓይን አይታይም።

ይህ የማይታይ ዋጋ በቁጥር ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንዲት የሆልስታይን ፍሪዥያንና የአገር ዝርያ ድቅል ጊደር በምሳሌነት ትወሰድ። ስትወለድ 26 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ ሙሉ ላም ስትሆን የምትደርስበት ክብደት 380 ኪሎ ቢሆን፣ ለመጠቃት የሚመከረው ክብደት ደግሞ የሙሉ ላም ክብደቷ ከመቶ 60 እጅ፣ ማለትም 228 ኪሎ ቢሆን፣ 202 ኪሎ መጨመር ይጠበቅባታል ማለት ነው። በቀን 450 ግራም ከጨመረች ከዚህ ክብደት የምትደርሰው በ15 ወር ነው፤ በቀን 300 ግራም ከጨመረች በ22 ወር፣ 200 ግራም ብቻ ከጨመረች ግን በ33 ወር ትደርሳለች። በመጀመሪያው ጥቃት ብትፀንስና የዘጠኝ ወር እርግዝና ቢታከልበት የመጀመሪያ ወሊዷ በ24፣ በ31 ወይም በ42 ወሯ ይሆናል። በድጎማ መኖ ዋጋ ምክንያት የተተወው ዕድገት የአንድ ዓመት ተኩል ወተትና ቢያንስ አንድ ጥጃ ያሳጣል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአገር ዝርያ ጊደሮች በአብዛኛው የሚወልዱት አራት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆናቸው እንደሆነ፣ ድቅሎቹም በአርሶ አደር እጅ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሚወልዱ በተደጋጋሚ የተመዘገበ ሲሆን፣ ኢ. ሙካሳ-ሙገርዋ በ1989 እ.ኤ.አ. መቀመጫውን አዲስ አበባ ባደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል በኩል ያወጣው የዜቡ፣ ማለትም ባለ ሻኛ ከብቶች፣ የመራባት ዳሰሳም ለዚህ መዘግየት ከሚጠቅሳቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የመኖ እጥረት ነው።

ጊደር ለኮርማ የምትደርሰው በዕድሜ ሳይሆን በይበልጥ በክብደት መሆኑን ጥርት አድርጎ ያሳየው በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተካሄደው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የሆልስታይን ጥጆችን በሦስት የመኖ ደረጃ፣ ከመደበኛው በላይ፣ በመደበኛውና ከመደበኛው በታች እየመገቡ ሲያሳድጉ፣ የመጀመሪያዎቹ በ37ኛው፣ ሁለተኛዎቹ በ49ኛው፣ ሦስተኛዎቹ በ72ኛው ሳምንት ገደማ የመጀመሪያውን የኮርማ ፍለጋ አሳዩ፤ በዚያን ጊዜ የነበራቸው ክብደት ግን ከዕድሜያቸው ልዩነት አንጻር ሲታይ ተቀራራቢ ነበር። የዚህ አሠራር መነሻው በአንጎል ሥር ነው፤ በአካል ውስጥ ያለው የስብና የጉልበት ክምችት በሆርሞኖች አማካይነት፣ ማለትም በደም ውስጥ በሚዘዋወሩ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች፣ ወደ አንጎል ይነገራል፤ ክምችቱ ካነሰ አንጎል እንቁላል እንዲበስል የሚያዝዘውን ሆርሞን በበቂ ድግግሞሽ አይለቅም። ስለዚህ የተራበች ጊደር መካን አይደለችም፤ አካሏ ጽንስ ለመሸከም አቅም እንደሌለው አውቆ ይጠብቃል። ይህ ለሀብሩ አርቢ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የማትጠቃ ጊደር አብዛኛውን ጊዜ ለሥጋ የምትሸጠው እንከን አለባት ተብላ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ግን የጎደላት ከሦስትና ከአራት ወር የተሻለ መኖ የሚያልፍ አይደለም።

ከመጠን በላይ ስለተመገበች ጊደር የሚነሣው ክርክር ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ግት ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ያድጋል፤ አንዱ በኋላ ወተት የሚያመነጨው ሕብረ ሕዋስ ሲሆን ሁለተኛው ያ ሕብረ ሕዋስ ተዘርግቶ የሚያድግበት የስብ መደብ ነው። ሲንሃና ታከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ከሦስት ወር ገደማ ጀምሮ ለኮርማ እስከ መድረስ ባለው ጊዜ የግት ሕዋስ የሚያድገው ከቀረው አካል በሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ፍጥነት ነው። ቀደም ሲል በቴኔሲ ስዋንሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መንትያ ጊደሮችን ከፍሎ አንዷን በመጠን፣ ሌላዋን እስክትሰባ ድረስ መግቦ ሲያወዳድር፣ የሰቡት በመጀመሪያ ወሊዳቸው የሰጡት ወተት ከመንትዮቻቸው በ15 በመቶ ያህል አነሰ። በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሴርሰንና ባልደረቦቹ ለኮርማ ከመድረሳቸው በፊት ያለ ገደብ የተመገቡ ጊደሮች የወተት ሕብረ ሕዋሳቸው በ23 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን፣ ይህ ጉዳት ለኮርማ ከደረሱ በኋላ በሚበሉት እንደማይከሰት አሳዩ። ከዚህ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በፍጥነት የምታድግ ጊደር ወተት አትሰጥም የሚለው አነጋገር በእርባታ መጻሕፍት ሁሉ ተደጋገመ።

ኋላ ላይ በኮርኔል ሜየርና ቫን አምበርግ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ይህን አስተያየት አሻሻለው። በእነሱ ትንታኔ መሠረት በብዛት የተመገበችው ጊደር የግት ሕዋሷ በቀን የሚያድግበት ፍጥነት አልቀነሰም፤ የተለወጠው ነገር ቶሎ ለኮርማ ስለደረሰች ግቷ በዚያ ፍጥነት የሚያድግበት ዘመን ማጠሩ ነው። ዛንተንና ሃይንሪክስ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ለሆልስታይን ጊደሮች በመጀመሪያ ወሊድ ከፍተኛውን ወተት ያስገኘው ዕድገት በቀን 800 ግራም ገደማ እንደሆነ፣ ከዚያ በታችም በላይም ሲሆን ወተቱ እንደሚቀንስ ደረሱበት። እንግዲህ ይህ የ800 ግራም ጣሪያ የሀብሩ ጊደር ከምትኖርበት የ200 ግራምና የ300 ግራም ዕድገት ጋር ሲነጻጸር፣ ስለ ስባት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለዚህ አካባቢ አርሶ አደር እንደ ዋና ምክር መሰጠቱ ስሕተት መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው በከተማ ግቢ ታስረው በፍሩሽካና በአተላ ብቻ ለሚቀለቡ ጥቂት ድቅል ጊደሮች ነው፤ እነዚህም ላይ ቢሆን ከመኖው ብዛት በተጨማሪ ጉልበት ሰጪው ከፕሮቲኑ ጋር መመጣጠኑ መታየት አለበት፤ ፕሮቲን በጎደለበት ጉልበት ሰጪው መኖ ቁመትና አጥንት ከመሆን ይልቅ ስብ ሆኖ ይቀመጣል።

ወደ ኋላ ተመልሶ የጥጃነትን ዘመን ማየት የሚያስፈልገው በቅርቡ የወጡ ጥናቶች ትኩረት ወደዚያ ስላዘነበለ ነው። ሶበሮንና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ ትልቅ መንጋ ላይ ባደረጉት ትንታኔ፣ ጡት ከመጣሏ በፊት በቀን የምትጨምረው ክብደት በ100 ግራም ሲያድግ የመጀመሪያ ወሊዷ ወተት በ85 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚጨምር ገልጸዋል። ቁጥሩ የሆልስታይን መሆኑ ቢታወቅም አቅጣጫው ለሁሉም ዝርያ የሚያስተምር ነው። በወሎ ገጠር ላም የምትታለበው ጥጃዋ መጀመሪያ ጠብታ ወተቱን ካወረደችላት በኋላ ነው፤ ከዚያ ጥጃዋ ትታሰርና ታላቢው ከጨረሰ በኋላ የቀረውን እንድትጠባ ትለቀቃለች። የአገር ላም በአማካይ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ብዙም የማይበልጥ ወተት በምትሰጥበት ቤት ውስጥ የሰው ልጅና ጥጃዋ የሚሻሙት ይህችኑ ነው። ወልድያና መርሳ ላይ የወተት ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ጥጃዋ የሚደርሳት ይበልጥ ያንሳል። እዚህ ላይ አንድ በቂ ትኩረት ያላገኘ ነገር አለ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የክርስቲያኑ ቤተሰብ ወተት ስለማይጠጣ፣ በታኅሣሥና በጥር የተወለደች ሴት ጥጃ በጣም በሚያስፈልጋት ዕድሜ የተሻለ ወተት የማግኘት ዕድል አላት። ይህ አጋጣሚ ለሴት ጥጆች በእቅድ ቢውል ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ዕድገት ነበር።

ከወተትም በፊት እንገር አለ። ጥጃ ስትወለድ በሽታ የሚከላከልላትን ነገር ከእናቷ የምታገኘው በደም ሳይሆን በእንገር በኩል ሲሆን፣ አንጀቷ ይህን ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያስገባው ከተወለደች በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ በሩ ፈጽሞ ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት የክብደቷን አንድ አሥረኛ ያህል እንገር ያልጠጣች ጥጃ በሕይወት ብትተርፍ እንኳ በተቅማጥና በሳል እየተጎዳች የምታድግ በመሆኑ፣ ኋላ የሚሰጣት መኖ ከመጀመሪያው የጠፋውን ለመመለስ ይውላል።

ጡት ከጣለች በኋላ ያለው ዘመን፣ በዚህ ዳሰሳ ፍርድ፣ ለሀብሩ ከሁሉ የሚበልጠው ወሳኝ ጊዜ ነው። ከአምስትና ከስድስት ወር እስከ አሥራ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ጊደሯ ወተት ተቋርጦባት፣ ጨጓራዋ ለሻካራ መኖ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይበስል፣ ከመንጋው ጋር ትነዳለች። በክረምት ሣር ሲበቅል ፈጥና ታድጋለች፤ በበጋ ያተረፈችውን ታጣለች። ተርባ የቆየች ከብት መኖ ስታገኝ ከተለመደው በላይ ፈጥና የምታድግበት ማካካሻ ዕድገት የሚባል ባሕርይ ቢኖርም፣ ክረምቱ አጭር ስለሆነ ማካካሻው ሳያልቅ መኖው ያልቃል። ስለዚህ ጥቂቱን ድጎማ መኖ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ከመበተን ይልቅ በበጋው ማብቂያ ላይ ክብደት እንዳይወርድ አድርጎ መስጠት የተሻለ ነው።

ምን ያህል ድጎማ ለውጥ ያመጣል ለሚለው ጥያቄ ቀላል ስሌት በቂ ነው። 150 ኪሎ የምትመዝን ጊደር በቀን ሦስት ኪሎ የማሽላ አገዳ ስትበላ ከመቶ አራት እጅ ፕሮቲን ያለው እንደሆነ ከዚያ የምታገኘው 120 ግራም ፕሮቲን ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ ሲጨመርላት፣ ፋጉሎው ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ 150 ግራም ይታከላል፤ ከበላችው ሁሉ የፕሮቲኑ ድርሻ ከአራት ወደ ስምንት ገደማ ይወጣል። ይህ የጨጓራ ሕዋሳቱን የሚያነቃ እንጂ ለፈጣን ዕድገት የሚበቃ አይደለም፤ ሆኖም አገዳው ራሱ በተሻለ ሁኔታ እንዲፈጭ ስለሚያደርግ ትርፉ ከፋጉሎው ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ፋጉሎ ሲወደድ የሰስባንያ፣ የሉኪኒያና የእርግብ አተር ቅጠል፣ በመስኖ ዳር የሚተከል አልፋልፋ፣ ከማሽላ ጋር አብሮ የሚዘራ ላብላብ የተባለ ሐረግ ጥራጥሬ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ በወረዳው ባለው በጊራና ሸለቆ መስኖ ያላቸው አርሶ አደሮችም የማሳቸውን ዳር ለዚህ ለማዋል ምቹ ሁኔታ አላቸው። ጭድን በዩሪያ ማከምም ሌላው አማራጭ ነው፤ ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተሟሙቶ ተረጭቶ በደንብ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣል። ነገር ግን ጨጓራቸው ያልዳበረ ከስድስት ወር በታች ያሉ ጥጆች ከዚህ ጭድ እንዳይበሉ መጠንቀቅ ግድ ይላል።

ስለ ማሽላ ሲነሣ አንድ አደጋ መጠቀስ አለበት። በሽልሻሎ ጊዜ፣ ማለትም በቅሎ ያደገው ማሽላ በመካከሉ በበሬ ሲታረስና ሲሳሳ፣ የሚነቀለው ለጋ ማሽላ ለከብት ይሰጣል፤ ለጋ ማሽላ፣ በተለይም ድርቅ መትቶት የቀጨጨው፣ በከብቷ ጨጓራ ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን ገዳይ መርዝ የሚፈጥር ንጥረ ነገር ስላለው የተራበች ጊደር በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላችው በደቂቃዎች ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በቂ ዝናብ ያገኘና ቁመቱ ከፍ ያለ ማሽላ አደጋው ያነሰ ሲሆን፣ የተነቀለውን በደንብ አድርቆ ከሌላ መኖ ጋር በጥቂት በጥቂቱ መስጠትም አደጋውን ይቀንሰዋል።

ጊደሯ ከደረሰች በኋላ ያለው ጥያቄ መቼ ትጠቃ የሚለው ነው። በዓይን ግምት የሚፈጠረው ስሕተት ብዙ ስለሆነ በሜትር ገመድ ክብደትን መገመት ይጠቅማል፤ ከፊት እግሯ ኋላ ያለውን የደረቷን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ያንን ከትከሻ ጫፍ እስከ ኋላ ዳሌ አጥንት ባለው ርዝመት ማባዛት፣ የተገኘውን ለ10,840 ማካፈል ነው። የደረቷ ዙሪያ 140፣ ርዝመቷ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነች ጊደር በዚህ ስሌት 217 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መሠረት ለመጠቃት ጥቂት ይቀራታል ማለት ነው። ስሌቱ የተቀመረው ለሻኛ አልባ የአውሮፓ ከብቶች ስለሆነ በአገር ዝርያና በድቅሎች ላይ የተወሰነ ስሕተት ይኖረዋል፤ ሆኖም የአንዲትን ጊደር ዕድገት በየወሩ እያነጻጸሩ ለማየት በቂ ነው።

ሳትደርስ የተጠቃች ጊደር የምትከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። የዳሌ አጥንቷ ጠባብ ስለሆነ ምጥ ይጠናባታል፤ በተለይ ቁመቷ ትንሽ የሆነ የአገር ጊደር ከፍሪዥያን አባላዘር ስትዳቀል ጽንሱ ከእናቱ አቅም በላይ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ከወለደች በኋላም ገና በማደግ ላይ ስለሆነች የምታገኘውን መኖ ለራሷ ዕድገት፣ ለወተትና ለሚቀጥለው ጽንስ ማብቃቃት ስለማትችል፣ ወተቷ ያንሳል፣ ዳግመኛ ለመጠቃትም ብዙ ወራት ይፈጅባታል። በ1981 እ.ኤ.አ. ቃሊቲ ላይ ከተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል ጀምሮ አገሪቱ ለዝርያ ማሻሻል ብዙ ደክማለች፤ ቀደም ሲልም የጭላሎ እርሻ ልማት ክፍል በ1967 እ.ኤ.አ. አሰላ ላይ የድቅል ላም ሥራ ጀምሮ ነበር። የዝርያ ሥራው ከመኖ ሥራ ጋር ባልተያያዘበት ቦታ ሁሉ ግን ድቅሏ ጊደር ከአገሯ ጊደር የበለጠ ትጎዳለች፤ ምክንያቱም ትልቅ አካልና ከፍተኛ የወተት ዝንባሌ ከአባቷ ወርሳ መኖው የእናቷ ነው።

የወሎ ሕዝብ መንጋውን ደጋግሞ ከባዶ መገንባት የተገደደ ሕዝብ ነው። በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ረሃቦች፣ በ2008 ዓ.ም. የታየው ድርቅ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአካባቢው የቆየውና የወልድያ ዩኒቨርሲቲንና የሲሪንቃን ማዕከል ጭምር ለጉዳት የዳረገው ጦርነት፣ ሁሉም ከብትን ከደጃፍ አጥፍተዋል። ከእንዲህ ዓይነት ጥፋት በኋላ መንጋ የሚመለሰው በሴት ጥጆች ነው፤ ከጥፋቱ ማግሥት የተወለደች ጊደር በ31 ወሯ ወይም በ42 ወሯ መውለዷ ቤተሰቡ ዳግም ወተት የሚያይበትን ዓመት ይለውጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ማድረጉ ተገቢ ነው፤ በሀብሩ ሥራው ከጊደር ማከፋፈልና ከማዳቀል አልፎ ለጊደሮች በበጋ የሚደርስ የፕሮቲን መኖን፣ ለአርሶ አደሩም መኖ በብድር የሚያገኝበትን መንገድ ካላካተተ ግን የተከፋፈለችው ጊደር ከሌሎቹ ጋር አብራ ትራባለች።

የመኖው ጉዳይ ጊደሯ ከምትጠቃበት ወቅት ጋርም ይያያዛል፤ በእርግዝናዋ መጨረሻ ሁለት ወራት ጽንሱ ፈጥኖ የሚያድግበት፣ ግቱም ለወተት የሚዘጋጅበት ጊዜ ስለሆነ ነፍሰ ጡሯ ጊደር ከሌላው ጊዜ የተሻለ መኖ ያስፈልጋታል። በታኅሣሥ የተጠቃች ጊደር በመስከረም፣ ሣሩ ለምለም በሆነበት ጊዜ ትወልዳለች፤ በነሐሴ የተጠቃች ደግሞ በግንቦት፣ አገዳው በሚያልቅበት ሰዓት። አዳቃይ ባለሙያውና አርቢው ይህን አስልተው ጊደሯ በታኅሣሥ ለመጠቃት የሚበቃ ክብደት እንድትደርስ ከክረምቱ ሣር ጋር ድጎማውን ቢያቀናጁ፣ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት የሚያስፈልጋትን መኖ ከሞላ ጎደል የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ይሸፍንላታል።